የዓይን ብሌን ለመለገስ ቃል የገቡ ወላጅ ካሉዎት ቤተሰቡ ምን ማድረግ አለበት?

አባቴን ጋሼ ነበር የምንላቸው። በ78 ዓመታቸው የዓይን ብሌናቸውን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ከሞት በኋላ ለመለገስ ቃል ገብተው ነበር። የለጋሽነት ካርዳቸውን ያገኘነው ግን አርባቸው ካለፈ በኋላ፣ ከዕቁብ ደብተራቸው ውስጥ ነው። የምነግርዎት እንግዲህ እኛ ያላደረግነውን ነው።

መጀመሪያ፣ «በዚህ ዕድሜ ማን ይቀበለኛል?» የሚለውን ይተዉት። እርጅና ብቻውን አይከለክልም። መነጽር፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና፣ ስኳር፣ ደም ግፊትም እንደዚያው። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስና የእብድ ውሻ በሽታ ግን ያስቀራሉ። ይህን የሚወስኑት ባለሙያዎቹ ናቸው፤ ደም ወስደው ይመረምራሉ።

ከዚያ መመዝገብ። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ አዲስ አበባ ነው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል። ቅጽ ይሞላሉ፣ አለቀ። ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ ብሌኑን የሚያነሳው ቡድን እዚያ ድረስ ይመጣ እንደሆነ ያኔውኑ ይጠይቁ። ካርዱን ፎቶ አንስተው ለልጆች ሁሉ በቴሌግራም ይላኩ።

ከባዱ፣ ሞት ሲመጣ ለዓይን ባንኩ መደወሉ ነው። ብሌኑ መነሳት ያለበት ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቢሆን ይመረጣል። እነዚያ ሰዓታት እኛ ቤት ምን እንደሚመስሉ ያውቃሉ። እናት ደረቷን ትደቃለች፣ ጎረቤት ይሞላል፣ የእድር ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ገናዥ ይጠራል። በዚህ መሃል ማን ስልክ ያስባል?

ስለዚህ ደዋዩ አስቀድሞ ይመረጥ። ልጅ አይሁን፤ ልጅ አልቃሽ ነው። እኔ አማችን እመርጣለሁ፣ ከእሱም ጋር የእድሩን ጸሐፊ። ሞት ሲሰማ ቶሎ የሚነገረው ለጸሐፊው ነው፤ ገናዡንም «ትንሽ ቆይ» ቢለው ይሰማዋል። ሁለት ይሁኑ ያልኩት አንደኛው ክፍለ ሀገር ሊሄድ ስለሚችል ነው። ሁለቱም ቁጥሩን «ዓይን ባንክ» ብለው ስልካቸው ላይ ይያዙት።

ቡድኑ እስኪደርስ የሟቹ ዓይን ይከደን። ላዩ ላይ በንጹሕ ውኃ የራሰ ጥጥ ይደረግ። ራሳቸው በትራስ ከፍ ይበል፣ ፋን ካለ ይጥፋ።

አንድ ነገር ረስቼ፦ ለጋሹ ራሳቸው፣ በደህናው ጊዜ፣ ቡና ላይ ሁሉም ባለበት ይናገሩ። የንስሐ አባታቸውም ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ «በትንሣኤ ያለ ዓይን ልነሣ ነው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «ፊታቸው ይበላሻል» የሚልም አይጠፋም። አይበላሽም። ዓይን ተከድኖ ሲታይ ምንም አያስታውቅም። ይህ ሁሉ ያኔ ካልተነሳ፣ አንድ አጎት ሬሳ ፊት ያነሳዋል።

እማዬ ባለፈው ወር ተመዝግባለች። ደዋዩ ባለቤቴ ነው። የእድሩ ጸሐፊም ቁጥሩን ይዟል፤ «የኔንስ ማን ይደውልልኛል?» ብሎ እየሳቀ።