ቮልስን መልኳን ሳንነካ እንዴት እንደ ዘመኑ መኪና እንስራት

የቮልስ ውበቷ ውጪዋ ላይ ነው። ክብ መብራቷን፣ ኒኬል ፓራውልቷን፣ የዳሽቦርዷን አንድ ክብ የፍጥነት መለኪያ አትንኩ፣ የሚቀየረው ከስር ያለው ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ይረባረባል እኔ ግን በፍጹም አልስማማም፣ በደንብ የማትቆም መኪና ላይ ጉልበት መጨመር አደጋ ነው።

መጀመሪያ ላሜራው። የኋላ ወንበሩን አንሱና ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ ከበሮቹ ስር ሙቅ አየር የሚያልፍበትንም እንደዛው፣ ዝገቱ የሚደበቀው እዛ ነው። በስቱኮ ሸፍኖ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፣ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ይበየድበት። ቦዲው ከወለሉ ጋር የተያዘው በብሎን ስለሆነ ይነሳል፣ ግን ከመነሳቱ በፊት የበሩ ክፍተት ላይ ብረት አስበይዱ አለበለዚያ ይጣመምና በሮቹ እምቢ ይላሉ።

ቀጥሎ ፍሬን። ብዙዎቹ አራቱም እግር ታምቡር ነው፣ የፊቱን ዲስክ አድርጉት፣ ማስተሩም (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዋና ፓምፕ) የፊትና የኋላ መስመሩ የተለያየ ይሁን፣ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይይዛል። የዲስክ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት የፊት እግሯ በምን እንደተያዘ አጣሩ፣ በፈረንጆቹ እስከ 1965 ሞዴል በፒን ነው ከ1966 ወዲህ በቦል ጆይንት (ኳስ መሰል መገጣጠሚያ)፣ አንዱ ለአንዱ አይሆንም።

ኤሌክትሪኩ ላይ 6 ቮልት ከሆነች ወደ 12 አሳድጓት፣ በዲናሞው ቦታ አልተርኔተር፣ በፑንቲናው (የካንዴላውን እሳት የሚያዘው መቆራረጫ) ቦታ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን፣ ሽቦውም ሙሉ በሙሉ አዲስ። የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ክዳን ይኑር፣ የወንበሩ ስፕሪንግ ከነካው እሳት ነው።

አሁን ሞተር። 1600 ሲሲው ሞተር 50 ፈረስ ጉልበት አለው ይባላል ግን ያ ባህር ጠረፍ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ 20 ፐርሰንት ገደማ ይጠፋል፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛል ካንዴላው ይጠቁራል። ለዚህ ነው እኔ ካርቡሬተሩን አውጥታችሁ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ) ግጠሙ የምለው፣ ኮምፒውተሩ አየሩን እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፣ እንጦጦ ወጣችሁ አዋሽ ወረዳችሁ ያው ነው። በርግጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕና ወደ ታንከሩ የሚመለስ መስመር ይፈልጋል። ጎማ ቱቦዎቹ የኢንጀክሽን ፕሬዠር የሚችሉ ይሁኑ፣ ያረጀ ቱቦ ተሰንጥቆ ስንት ቮልስ አቃጥሏል። ጉልበት ካነሳችሁ 90.5 ሚሊ ፒስቶን ገብቶ 1776 ሲሲ ይሆናል፣ ሞኖብሎኩና ቴስታታው (የሞተሩ ዋና አካልና የላይ ክዳኑ) ግን ለመሞረድ ቶርኖ ቤት መግባት አለባቸው።

ስትገጥሙ ሞተሩን የሚከቡት ቆርቆሮዎችና በዙሪያው ያለው የጎማ ማሸጊያ አንዱም እንዳይቀር። መካኒኮች ትርፍ ነው ብለው ይጥሏቸዋል፣ በንፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ግን ያለነሱ የራሱን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል፣ አየሩ በሳሳበት አገር ደግሞ ይብሳል።

የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎሜትር ሳታስጨንቋት ንዱ፣ ከዛ ዘይት ቀይሩና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የቫልቩን ክፍተት 0.15 ሚሊ ላይ አስተካክሉ።