ብሮውዘሩ ተዘግቶ ኮምፒውተሩ አላርፍ ሲል

ክሮምን ዘግታችኋል። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ፋኑ ግን ይጮኻል፣ ወርድ ለመክፈት ዘመን ይፈጃል፣ በሆትስፖት ከሆናችሁ ደግሞ ፓኬጁ ሳትነኩት ያልቃል። ክሮምን አንኢንስቶል ላድርገው ስትሉ «መጀመሪያ የክሮም መስኮቶችን በሙሉ ዝጉ» ይላችኋል። የቱን መስኮት? ሪስታርት አድርጋችሁ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና፣ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ክሮም ክፍት እያለ በስሩ ብዙ ፕሮሰስ (ለየብቻ የሚሠሩ የፕሮግራሙ ክፍሎች) ብታዩ አትደንግጡ። በ2008 ከወጣ ጀምሮ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ ታብ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ሥራው ለብዙ ፕሮሰስ ይከፋፈላል። ችግር የሚሆነው ከዘጋችሁት ከደቂቃዎች በኋላም ዝርዝሩ ላይ ካለ ነው።

እኔ ጋ በዚህ ችግር የሚመጡት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ምክንያታቸው አንድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ክሮም ሲጫን፣ ከተዘጋም በኋላ ከጀርባ መሥራት እንዲችል ተፈቅዶለት ነው። ፈቃዱ ብቻውን ጉዳት የለውም። ከጀርባ ልሥራ የሚል ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ሲጫን ግን ክሮም ለእሱ ሲል ሳይወጣ ይቀራል። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ያውም መስኮት ሳይከፍት።

ሰዓቱ አጠገብ ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ተጫኑ። ትንሽዬ የክሮም ምልክት እዚያ ካለች ጥፋተኛው ተገኘ። ራይት ክሊክ ስታደርጓት ክሮምን አላስወጣ ያለው ኤክስቴንሽን ስሙ ይወጣል። ስሙን ያዙት። ከዚያ የክሮም ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። «ኮንቲኒው ረኒንግ ባክግራውንድ አፕስ ዌን ጉግል ክሮም ኢዝ ክሎዝድ» የሚለውን ማብሪያ አጥፉት። ቀጥላችሁ ወደ ኤክስቴንሽኖቹ ገጽ ሂዱና ያንን ኤክስቴንሽን ሪሙቭ አድርጉት። ማብሪያውን ብቻ አጥፍታችሁ ኤክስቴንሽኑን ከተዋችሁት፣ ክሮም ክፍት በሆነ ቁጥር ራማችሁን (የኮምፒውተሩን የሥራ ሜሞሪ) መብላቱን ይቀጥላል።

አንድ ተማሪ 4 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ ይዞ መጣ። አንድ ሱቅ ፎርማት አድርገውለታል። ብዙም ሳይቆይ ችግሩ ተመለሰ፤ ሲመልስላቸው «ራም ጨምር» አሉት። የተመለሰበት ምክንያት ግን ግልጽ ነበር። ከፎርማቱ በኋላ በጂሜይሉ ክሮም ላይ ሲገባ፣ በአካውንቱ የተቀመጠውን መልሶ የሚያመጣው ሲንክ የድሮ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ጫነለት። ማብሪያውም አዲስ ሲጫን ክፍት ነው። ታስክ ማናጀርን እንኳ ሳይከፍቱ የሰው ፋይል ፎርማት የሚያደርጉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። ልጁ ፎቶዎቹን ያጣው በአንድ ማብሪያ ምክንያት ነው።

ሌላዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ላፕቶፗ ከስልኳ ሆትስፖት ጋር ተገናኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ፓኬጁ የለም። ታስክ ማናጀር ላይ ኔትወርክ የሚለውን አምድ ስናይ፣ የተዘጋው ክሮም ዝም ብሎ ያወርዳል። ጥፋተኛው በየአዲሱ ታብ ላይ የሚያምር ፎቶና ዜና የሚያመጣ ኤክስቴንሽን ነበር። ሆትስፖቱን ዊንዶውስ ላይ ሜትርድ ኮኔክሽን (ዳታው የሚቆጠብ ግንኙነት) አድርጋው ነበር፤ እሱ ግን የዊንዶውስን አፕዴት ቢቀንስ እንጂ ኤክስቴንሽንን አያቆምም። እባካችሁ፣ ለጌጥ ብላችሁ ኤክስቴንሽን አትጫኑ። በተለይ ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ዚፕ በዴቨሎፐር ሞድ (ከክሮም ስቶር ውጭ የመጣ ኤክስቴንሽን በሚያስገባው) የምትጭኑ፣ የምታዩትንና የምትጽፉትን ሁሉ ለማታውቁት ሰው እየሰጣችሁ ሊሆን ይችላል። «ራም ክሊነር» የሚባሉትንም ተዉአቸው። ራሳቸው ከጀርባ የሚሠሩ ናቸው።

አሁኑኑ ማቆም ካለባችሁ ታስክ ማናጀር ላይ ጉግል ክሮም የሚለውን ዋናውን መስመር ይዛችሁ ኤንድ ታስክ በሉት፤ በስሩ ያሉትን ፕሮሰሶች ይዞ ይወጣል። ዳውንሎድ እየሄደ ከሆነ ግን አትንኩት። ግማሽ የተሞላ ፎርምም ካለ መጀመሪያ ጨርሱት።

የማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር ኤጅ ላይም ያው ነው። እዚያ ግን ማብሪያዎቹ ሁለት ናቸው፦ ኤጅን ቀድሞ የሚያስነሳው «ስታርትአፕ ቡስት» እና ከጀርባ መሥራትን የሚፈቅደው። ሁለቱንም አጥፉ። «ዌብቪው 2» የሚል ካያችሁ ተዉት፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ነው።

ፋየርፎክስ «ቀድሞ ተከፍቷል፣ ግን መልስ አይሰጥም» ካለ፣ የቆየውን ፕሮሰስ ኤንድ ታስክ አድርጉና እንደገና ክፈቱት። ማክ ላይ ቀዩ ነጥብ መስኮት ነው የሚዘጋው፤ ለመውጣት ኮማንድና ኪው። አልፎ አልፎ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨር ክሮምን ሲዘጋ ያንቀዋል። ድራይቨሩን አፕዴት አድርጉ፤ ካልሆነ እዚያው ሲስተም ውስጥ ግራፊክስ አክስለሬሽንን አጥፉ።

የመጨረሻው ብርቅ ነው፣ ግን አደገኛ ነው፤ ክሮም መስሎ የሚሠራ ቫይረስ። ታስክ ማናጀር ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ኦፕን ፋይል ሎኬሽን። ትክክለኛው የሚገኘው ጉግል፣ ክሮም፣ አፕሊኬሽን በሚባሉት ተከታታይ ፎልደሮች ውስጥ ነው፤ ከፕሮግራም ፋይልስ ስር ወይም ከእናንተው አፕዳታ ሎካል ስር። ቴምፕ ወይም ዳውንሎድስ ውስጥ ካገኛችሁት ኢንተርኔቱን ወዲያው አቋርጡና በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አድርጉ። የባንክና የኢሜይል ፓስወርዳችሁን ቀይሩ፣ ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ አይሁን፤ በስልካችሁ።