ደሴ ላይ ስለ አእምሮ ህመም በፎቶ መናገር፦ እንዴት ይሠራል?

ፒያሳ ላይ ጨርቁን የጣለ ሰው ሲያልፍ ስልኩን የሚያወጣ አይጠፋም። ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ፎቶ ግንዛቤ አይፈጥርም፤ ሰው ድሮም የሚፈራውን መልሶ ያሳየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ከ8 ሰው አንዱ የአእምሮ ህመም እንደነበረበት ገምቷል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎዳና ላይ የለም። ባጃጅ ይነዳል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ልጅ ያሳድጋል። ፎቶ የሚያስፈልገው የእሱ ኑሮ ነው። ካሜራ መግዛት አይጠበቅባችሁም፤ የእጅ ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ፣ የምትሉትን ለዩ

«ስለ አእምሮ ጤና» ብላችሁ ከተነሳችሁ መያዣ መጨበጫ ያጣል። አንድ ሐሳብ ያዙ። «ድብርት ስንፍና አይደለም» ወይም «ክትትል ላይ ያለ ሰው ሥራ መሥራት ይችላል»። በቃ።

ቀጥሎ ፈቃድ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ህመሙ በበረታበት ሰዓት የተሰጠ እሺታ አይቆጠርም። ሰውየው ደህና በሆነበት ቀን ካሜራ ሳታወጡ ጠይቁት። ፎቶው የት እንደሚሰቀልና ማን እንደሚያየው ንገሩት። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ጠይቁ። ወሎ ቤት የመጣን እንግዳ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ የመጀመሪያው «አብሽሩ፣ ችግር የለም» ይሉኝታ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ «አንሱት» ቢልም የሱን ቃል አይተካም። ልጆችን ተዉ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እንቅልፍ የራቀው ሰው ከሆነ ደግሞ ያየውን እንዲተርክላችሁ አትጎትጉቱት።

ካነሳችሁ በኋላ አሳዩት። «ይቺን አጥፉልኝ» ካለ እዚያው እያየ አጥፉ፤ ስልኩ የተሰረዘ ፎቶ ከሚያስቀምጥበት ቦታም ጭምር። ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ ከሆነ የተቋሙን ፈቃድ በጽሑፍ ቀድማችሁ ያዙ።

ከዚያ፣ ከፊት ይልቅ ውሎ አንሱ

በፈረንጆቹ 1850ዎቹ ሂው ዳይመንድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሚሠራበት የአእምሮ ህሙማን ተቋም የታካሚዎችን ፊት ያነሳ ነበር። ህመሙ ከፊት ይነበባል ብሎ ያምን ነበር። አይነበብም። እምነቱ ግን ዛሬም አለ፤ ጥግ ይዞ፣ ራሱን በሁለት እጁ የያዘ ሰው፣ ጥቁርና ነጭ። እኔ እንዲህ ያለው ፎቶ ሰልችቶኛል።

እንበል ሸዋ በር አካባቢ የምትኖር፣ ባይፖላር (ስሜት አንዴ በጣም ከፍ፣ አንዴ በጣም ዝቅ የሚልበት ህመም) ያለባት እናት ፈቀደችላችሁ። ቡና ሲፈላ ሂዱ። ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል። ከስኳሩ ጎን የክኒን ማሸጊያ አለ፤ ግማሹ ባዶ ነው። አንዷን ክኒን መዳፏ ላይ አድርጋ ውሃ እስኪቀዳላት ትጠብቃለች። ያን አንሱ። አጠገቡ በሃይላንድ የተቀዳ ጠበል ወይም መቁጠሪያ ካለ ከፎቶው አታውጡት። እኛ ጋ ጠበሉም፣ ዱዓውም፣ ክኒኑም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ እነሱን ማጣላት ሰው መድኃኒቱን እንዲተው ከማድረግ ሌላ ፋይዳ የለውም። ጠበል ቦታ በሰንሰለት የታሰረ ሰው ግን አታንሱ። ሲሻለው ያንን ፎቶ ያገኘዋል።

ደሴ ሰው በጫማው የሚታወቅባት ከተማ ናት። ፊት አለመግባቱ ብቻ አይበቃም። ቀለበት፣ የቤት ቁጥር፣ ዩኒፎርም፣ የባጃጅ ታርጋ እዩ። የካሜራውን ሎኬሽን አጥፉ።

ብርሃኑን በተመለከተ ፍላሽ ይቅር፤ በር ወይም መስኮት አጠገብ ሁኑ። ደሴ ላይ ፀሐይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ ጠዋት ይሻላል። ኮምቦልቻ የቀትሩ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ጥላ ፈልጉ። የክረምቱን ጉም የሐዘን ምልክት አታድርጉት፤ ለደሴ ሰው ጉም ጉም ነው።

ከቻላችሁ ስልኩን ለባለታሪኮቹ ስጡ

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቻይና፣ ዩናን ውስጥ ለገጠር ሴቶች ካሜራ ተሰጥቷቸው የራሳቸውን ኑሮ አንስተዋል። ፎቶቮይስ የሚባለው ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው። «በዚህ ሳምንት የከበዳችሁንና ያቀለለላችሁን ነገር አንሱ» በሉና ተዉአቸው። ከዚያ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ምረጡ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውም እነሱ ያሉት ይሁን፤ አታሳምሩት።

ከቴሌግራም በፊት ወረቀት

ቴሌግራም ላይ የወጣ ፎቶ አይመለስም። ሰውየው ነገ ሐሳቡን ቢቀይር ምን ትሉታላችሁ? ወረቀት ግን ከግድግዳ ይወርዳል። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በኤ4 አሳትሙ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። አሥር ፎቶ ይበቃል። የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም የዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሆናል። ቀን ከቸገራችሁ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን አለ። ከፈረንጆቹ 1992 ጀምሮ ኦክቶበር 10 ይከበራል፤ በእኛ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው።

የሚታይበት ቀን

ሰው ፎቶውን አይቶ ዝም ብሎ አይሄድም። ጠጋ ብሎ «ወንድሜም እንዲሁ ነው፣ የት ልውሰደው?» ይላል። ስለዚህ የአእምሮ ህክምና ነርስ ጋብዙ። ድሮ መልሱ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። አሁን ደሴ ሪፈራል ሆስፒታልም የአእምሮ ህክምና አለ። የሚታከሙበትን ቀንና ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁና በትንንሽ ወረቀት አባዝታችሁ በር ላይ አስቀምጡ። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ሰው ከመጣ ምክር አትደርድሩለት፣ ብቻውንም አትተዉት። አንዳችሁ አዳራሹን ጠብቁ፤ ሌላው ባጃጅ ይዞ አብሮት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።