አሮጌ ክሮኖግራፍ ስትገዙ ጀርባውን ብቻ አትመኑ

ክንዴ ላይ ያለውን ሰዓት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “ስንት ገዛኸው?” ብሎ ነው። ቀጥሎ “የድሮ ነው እንዴ? የስንት ዓመት?” ይላል። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነበር። ዕድሜው ሳይታወቅ ዋጋው አይታወቅም። ሻጭ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ዕድሜውን እንደፈለገ ይጎትተዋል።

የማወራው ባትሪ ስለሌለው ክሮኖግራፍ፣ ማለትም የጊዜ መለኪያ (ስቶፕዋች) ስላለው የእጅ ሰዓት ነው። ከመሙያው በላይና በታች ሁለት ቁልፎች ያሉት፣ አንዱን ሲጫኑት መሐል ላይ ያለው ቀጭን ቆጣሪ ተነስቶ የሚሮጠው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰዓቶቹ የሚያውቁት እሱን ነውና።

ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰዓት በብዙ እጅ አልፏል። አንዱ ሰዓት ሠሪ ቆጣሪውን ቀይሮለታል፣ ሌላው ከሞተ ሰዓት ነቅሎ የጎደለውን ሞልቶለታል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ የጀርባውን ዕድሜ ብቻ ነው። ፊቱም፣ ቆጣሪዎቹም፣ ማሽኑም ለየብቻ ይጠየቃሉ። ቃላቸው ከተጋጨ ከመካከላቸው አንዱ እንግዳ ነው።

ይሄ የኪሰ ቀጭን ገዢ ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። በ2021 ጄኔቫ ውስጥ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር ክሮኖግራፍ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ገዢው ኦሜጋ ራሱ ነበር፤ ለሙዚየሙ ፈልጎት። በ2023 ሰዓቱ ከተለያየ ቦታ በተለቃቀመ ዕቃ የተገጣጠመ መሆኑ ይፋ ሆነ። ሠሪው ራሱ ከተሸወደ፣ እኔና እናንተ ማጉያ መነጽር ይዘን አንገታችንን ብንደፋ ምን ያሳፍራል?

ለጀማሪ የምመክረው የጃፓኑን ሴይኮ 6139 ነው። በ1969 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ አውቶማቲክ (በእጅ እንቅስቃሴ ራሳቸውን የሚሞሉ) ክሮኖግራፎች አንዱ ነው፤ እስከ 70ዎቹ መገባደጃ ድረስም ተሠርቷል። በብዛት ስለተሠራ ዛሬም አይጠፋም። ጠፈርተኛው ዊሊያም ፖግ በ1973 ወደ አሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ስካይላብ ሲሄድ ቢጫ ፊት ያለውን አስሮ ወጣ። በኋላ ሰብሳቢዎች ቢጫውን “ፖግ” ብለው ሰየሙት፣ ዋጋውም አብሮ ወደ ላይ ወጣ። ሰማያዊ ወይም ብርማ ፊት ያለውን ብትይዙ ማሽኑ ያው ነው፣ ገንዘባችሁም ይተርፋል።

ገልብጡት። ጀርባው ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ 6139 ብሎ ጭረት ካደረገ በኋላ 6002፣ 6005 ወይም ሌላ አራት አኃዝ ያስከትላል፤ እሱ ሞዴሉ ነው። ሌላው ተከታታይ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። 34 ብሎ ከጀመረ በ1973 ኤፕሪል የተሠራ ነው። ለኦክቶበር ዜሮ፣ ለኖቬምበርና ለዲሴምበር የእንግሊዝኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ይገባል።

ጣጣው 9 ላይ ነው። 69 ነው ወይስ 79? ጀርባው ላይ “ዋተር ፕሩፍ” (ውሃ የማያስገባ) ካለ ወደ 69 ያዘነብላል፤ ይህ አጻጻፍ በ70ዎቹ መጀመሪያ ቀርቶ “ዋተር ረዚስታንት” (ውሃ የሚቋቋም) በሚለው ተተክቷል። ሻጭ ግን ጀርባው ምንም ይበል ምን 69 ነው ይላችኋል። “79 ነው” ያለኝ ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ፊቱን አዙሩ። ከ6 ቁጥር በታች፣ መስታወቱ ጥግ ላይ፣ ያለ ማጉያ የማትነበብ ደቃቃ ጽሑፍ አለች። እዚያም 6139 ይላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ከጀርባው ላይገጥም ይችላል። ጀርባው 6002፣ ፊቱ 6009 ቢል አትደንግጡ፤ ፋብሪካው እንዲያ ነበር የሚሠራው። መጠርጠር ያለባችሁ ጽሑፏ ጭራሽ ከሌለች ወይም ወፍራምና የተዝረከረከች ከሆነች ነው። ለዚህ ሞዴል አዲስ የተመረተ የኮፒ ፊት እንደ ልብ ይገኛል፤ በተለይ ቢጫው።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሚደረግ የቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ አንድ ቢጫ አገኘሁ። መስታወቱ ተጫጭሯል፣ ቀፎው ጥግ ጥጉ ተልጧል፣ ቁልፎቹ ላይ የዘመን እድፍ አለ። ደስ የሚል ነገር! ፊቱ ግን ትናንት ከካርቶን የወጣ ይመስላል። የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ሰዓቱን አጋደልኩት። የፋብሪካው ቢጫ ብርሃን ሲያርፍበት ከመሐል ወደ ዳር ጨረር ይሠራል፤ ይሄ ድፍን ቀለም ነው። ፊቱ ላይ “ፕሩፍ” ይላል፣ የጀርባው ቁጥር ግን የሚጀምረው በ6 ነው፤ ማለትም 1976። በ1976 ሴይኮ “ፕሩፍ” አይጽፍም ነበር። አመስግኜ መልሼ አስቀመጥኩት። ማሽኑ ግን ጥሩ ይመስል ነበር፤ በግማሽ ዋጋ ቢሆን እገዛው ነበር።

6139 በመሙያው አይሞላም። መሙያውን ብታዞሩት የሚዞረው ውስጥ ያለው ቀለበት ነው። እንዲነሳ ወዝወዝ አድርጉት። መሙያውን በከፊል ስትጫኑት የቀኑ ቁጥር፣ እስከ ታች ስትጫኑት የዕለቱ ስም መቀየር አለበት። የዕለቱ ስም ከእንግሊዝኛ ሌላ በምን ቋንቋ እንደተጻፈም እዩ። የጃፓን ፊደል ከሆነ ለጃፓን ገበያ፣ ስፓኒሽ ከሆነ ለአሜሪካ አህጉር የተላከ ሊሆን ይችላል። ሻጩ “ከቶኪዮ ያመጣሁት ነው” እያለ ስፓኒሽ ካሳየ ጨዋታውን ቀይሩ።

ስዊሶቹ ላይ ነገሩ ይለያል። ብዙዎቹ ስሞች ከጠፉ ቆይተዋል፣ ቁጥሩን ከዓመት ጋር የሚያገናኝ መዝገብም አልተዉም። ስለዚህ ማሽኑን ታስከፍታላችሁ። ትንንሾቹ ድርጅቶች የራሳቸው ማሽን አልነበራቸውም፤ ከቫልዡ፣ ከቬነስ፣ ከላንደሮን፣ ከሌማኒያ ይገዙ ነበር። የማሽኑ ስምና ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወዲያ ወዲህ ከሚወዛወዘው ጎማ አጠገብ ወይም ሥሩ ተቀርጿል። ቫልዡ 72 ከ1938 እስከ 1974 ተሠርቷል፤ ሰፊ ዘመን ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ቫልዡ 7733 ግን የመጣው በ60ዎቹ መጨረሻ ነው። ቫልዡ ቬነስን የጠቀለለው በ1966 ነው፤ 7733 የተወለደው ከዚያ ከተገኘ ማሽን ነው። “የ50ዎቹ ነው” የተባለ ሰዓት ተከፍቶ 7733 ከወጣ ወይ ሻጩ ወይ ማሽኑ ሌላ ታሪክ አለው። ስፒድማስተርም እንዲሁ ነው፦ 1968 አካባቢ 321 ማሽኑ በ861 ተተካ። ሻጩ የማሽኑን ፎቶ አልልክም ካለ ስልኩን ዝጉ።

ስለ ላንደሮን 48 አንድ ሚስጥር ልንገራችሁ። ላይኛው ቁልፍ ሥራው ማስነሳት ብቻ ነው። የሚያቆመው ታችኛው ነው፤ ደግማችሁ ስትጫኑት ወደ ዜሮ ይመልሳል። ይህን የማያውቅ ሻጭ “ላይኛው ቁልፍ አያቆምም፣ ብልሽት አለው” ብሎ ዋጋ ይሰብራል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳይ ልቤ ይዘላል። እውነቱን ለሻጩ እነግረዋለሁ፣ ከከፈልኩ በኋላ።

ጨለማ ውስጥ የሚያበራው ቀለምም ዕድሜ ያወጣል። ከ6 ቁጥር በታች “ስዊስ” ከሚለው ግራና ቀኝ ቲ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች ቀለሙ ትሪቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለው፤ ከ60ዎቹ ወዲህ ማለት ነው። የትሪቲየም ጉልበት በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የ1965 ሰዓት ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት የለበትም። ካበራ ቀለሙ አዲስ ነው። የቆጣሪዎቹና የፊቱ ቀለም መወየብም መመሳሰል አለበት። ቲ የሌለበት፣ ቡኒ የሆነ ቀለም ያለው የ40ዎቹና የ50ዎቹ ሰዓት ግን ራዲየም የተባለ ሌላ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል። ማብራቱን ቢተውም ጨረሩ አልጠፋም፤ የራዲየም ጉልበት በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይፈጃል። ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ፣ ብናኙን አትተንፍሱ።

ወርቅ ነው ከተባላችሁ ማኅተሙን ፈልጉ። የቆዩት ስዊሶች 18 ካራት ከሆኑ የሴት ራስ፣ 14 ከሆኑ ሽኮኮ አላቸው። ለቱሪስት ይሸጡ የነበሩት “ክሮኖግራፍ ስዊስ” የሚሉት ትላልቅ ወርቆች እውነተኛ ወርቅ ናቸው፤ ግን ቅጠል ናቸው፤ በጣት ጫን ስትሉት ይሰረጉዳል። ጀርባው ላይ በፈረንሳይኛ ‘ጀርባው የማይዝግ ብረት’ የሚል ካለ ደግሞ የተባለው ጀርባው ብቻ ነው። የቀረው ቀፎ ብዙውን ጊዜ ቅብ ነው። ከማሰሪያው መግቢያ ሥር ቅቡ ተልጦ ቢጫ ነሐስ ታያላችሁ።

እጃችሁ ከገባ ክሮኖግራፉን አስነሱና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ሻጩ ቡና ይጋብዛችሁ። ትልቁ ቆጣሪ ዞሮ በመጣ ቁጥር ትንሹ የደቂቃ ቆጣሪ አንድ መራመድ አለበት። ክሮኖግራፉ ሲነሳ ሰዓቱ ራሱ ከደከመ ወይም ከቆመ ውስጡ ደርቋል፣ ሰርቪስ ይፈልጋል። አቁማችሁ ወደ ዜሮ ስትመልሱት ቆጣሪው ልክ 12 ላይ መቆም አለበት፤ ትንሽ እንኳ ዝንፍ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። እየሮጠ ሳለ ግን የመመለሻውን ቁልፍ አትጫኑ። ለዚያ ተብለው የተሠሩ ጥቂት ሰዓቶች አሉ፤ የያዛችሁት ከእነሱ አንዱ መሆኑን ካላረጋገጣችሁ አትሞክሩት።

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሰዓት ሠሪያችሁ ጋ ደውሉ። ክሮኖግራፍ መፍታት ተራ ሰዓት እንደመፍታት አይደለም፤ ሁሉም አይነካውም፣ የሚነካውም ያስከፍላል። ለርካሾቹ የሰርቪሱ ሒሳብ ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። “በቅርቡ ሰርቪስ ተደርጓል” ለሚል ሻጭ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ አልተደረገም ብላችሁ አስቡና ያንን ያህል ቀንሱ።

ሰዓቱን ለሥራ ስትሰጡ ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡ፦ ፊቱ አይቀባ፣ ቀፎው አይሞረድ፣ ተነቅሎ የተቀየረ ዕቃ ሁሉ በፌስታል ተደርጎ ይመለስልኝ።