ስንት ብር ደረሳቸው? አሜሪካ ገና ለገባችሁ፣ ገንዘብ ስለ መላክ

ከመጀመሪያው ደመወዝ የመጀመሪያው ስልክ ይቀድማል። የእህት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የአጎት ልጅ ሠርግ፤ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁበት የበረዶ ወራት ስልክ በተደወለ ቁጥር ሰፈራችን ወዳለች ሱቅ እየሮጥሁ 50 ዶላር እልክ ነበር። በአንድ ወር አራት ጊዜ ላክሁ፤ በየጊዜው 5 ዶላር መላኪያ ከፈልሁ። 200 ዶላር ለማድረስ 20 ዶላር፣ ማለትም ከመቶ አሥር መገበሬን ያወቅሁት የኮቴን ኪስ ሳራግፍ ባገኘኋቸው ደረሰኞች ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልኬው ቢሆን ኖሮ ያችው 5 ዶላር ትበቃ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቃቸው የዘላቂ ልማት ግቦች፣ ስደተኛ ለቤተሰቡ ገንዘብ ሲልክ የሚከፍለው ወጪ እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ተስማምተዋል። በዓለም ባንክ ክትትል መሠረት ግን በ2025ም አማካዩ ከ6 በመቶ በላይ ነበር። እነሱ እስኪያወርዱት ድረስ እኛ የየራሳችንን ማውረድ እንችላለን፤ ከባዱ ነገር ሒሳቡን ማየቱ ነው።

ወጪው በሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ በደረሰኙ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሌላው በምንዛሪው ውስጥ የተደበቀው ነው፤ ብዙ ሰው የሚበላው በዚህኛው ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለው ባንክ አንድ ዶላር በ150 ብር እየገዛ፣ የምትልኩበት ድርጅት በ145 ቢመነዝርላችሁ፣ ከ200 ዶላር ላይ 1,000 ብር ጠፋ ማለት ነው። ይህ ወደ 7 ዶላር የሚጠጋ ነው። መስኮቱ ላይ ግን «ያለ ክፍያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይሆናል! ስለዚህ ስታወዳድሩ አንዲት ጥያቄ ያዙ፦ ከኪሴ ጠቅላላ ይህን ያህል ዶላር ቢወጣ፣ እዚያ ስንት ብር ይደርሳል? ሁለት ሦስት የስልክ መተግበሪያዎችን በተመሳሳይ ሰዓት ከፍታችሁ ይህን ቁጥር ብቻ ተመልከቱ። አዲስ ደንበኛን የሚያማልሉበት ጥሩ ምንዛሪ ለመጀመሪያው መላኪያ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለተኛውን ስትልኩ እንደገና አወዳድሩ።

ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። በአሜሪካ ሕግ ላኪው ድርጅት ገንዘባችሁን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና የሚደርሰውን መጠን በግልጽ ማሳየት አለበት። ከከፈላችሁ በኋላም ተቀባዩ ገንዘቡን እስካልወሰደ ድረስ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ።

ሌላው የባንክ ሒሳብ ጉዳይ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 (ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.) ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር (ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሎበት በሚገዛ የክፍያ ወረቀት) ወይም በካሸር ቼክ (ባንኩ ራሱ በሚጽፈው ቼክ) ከፍሎ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው 1 በመቶ የፌዴራል ግብር ይጨመርበታል። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ በወጣ የዴቢት ካርድ ሲከፈል ግብሩ የለም። ክሬዲት ካርድም ከግብሩ ነጻ ነው፤ ግን ብዙ ካርድ ሰጪዎች ገንዘብ መላክን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥረው ተጨማሪ ክፍያና ከዚያው ቀን የሚጀምር ወለድ ስለሚያስቡ ለዚህ አትጠቀሙበት። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ባንክ ሄዳችሁ ሒሳብ ክፈቱ።

የተቀባይን ስም በመታወቂያው ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው፣ እስከ አያት ድረስ ጻፉ። «ፀሐይ»ን አምስት ሰው በአምስት ዓይነት ይጽፈዋል። አክስቴ በአንዲት ፊደል ምክንያት ደሴ ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ተመላልሳለች፤ የታክሲውን ሒሳብ የላክሁትም እኔው ነኝ።

ስለ ጥቁር ገበያ ዝም ብዬ ባልፍ ታዝቡኛላችሁ። ድሮ ባንኩ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ ጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ይከፍል ስለነበር፣ በባንክ የሚልክ ሰው እንደ ሞኝ ይታይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ያ ገደል ጠበበ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ዛሬም «እኔ የተሻለ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። አሠራሩን አስቡት፦ እዚህ ዶላር ለአንድ ሰው ትሰጣላችሁ፤ እዚያ ከማታውቁት ሰው ሒሳብ ለእናታችሁ ብር ይገባል። «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ተብላ ብትጠየቅ መልስ የምታጣው እሷ ናት። ዶላሩን የወሰደው ሰው ስልኩን ቢያጠፋ ደግሞ እናንተ የምትከሱበት ወረቀት የላችሁም።

ወረቀት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በግብር ወቅት «አገር ቤት ያሉ ወላጆችህን ጥገኛ (ዲፔንደንት) ብለህ ግብርህ ላይ አስገባ» የሚል መካሪ ይገጥማችኋል። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነችን፣ ደሴ የምትኖር እናት በጥገኝነት ማስመዝገብ አይቻልም። አትሳሳቱ።

አሁን ወደ ቤተሰብ። በስልክ ጥሪ የሚመራ መላኪያ ሁልጊዜ ውድ ነው፤ ቸኩሎ የሚልክ አያወዳድርም። እኔ ከእናቴ ጋር የተስማማሁት በወር አንድ ቀን፣ ደመወዝ በገባ ማግስት፣ በተወሰነ መጠን ነው። መስከረምን፣ ገናንና ፋሲካን ለየብቻ አስበናል። መጀመሪያ ላይ ተቀይማ ነበር፤ «በቀጠሮ የሚጦር ልጅ ወለድሁ» አለች። አሁን ግን ከእኔ ይልቅ ቀኑን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ዕቁብ ገብታበታለች።

ድንገተኛውን ወጪ ከሚያቀልሉት ነገሮች አንዱ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ ቋሚ ደመወዝ የሌለው አባወራ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ውል ባለው የመንግሥት ጤና ተቋም ይታከማል። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁ የዓመቱን መዋጮ መክፈል ምን ያህል እንደሚያድን የገባኝ፣ አጎቴ ሳይመዘገብ ቀርቶ ለአንድ ቀዶ ሕክምና በሌሊት 300 ዶላር ስልክለት ነው። ምዝገባው ጊዜ ስላለው ቀኑን ከቀበሌው አስጠይቁ።

ቤት ለመሥራት ግን አትቸኩሉ። የግድ ከሆነ፣ ለወንድምም ቢሆን ከጠቅላላ ውክልና ይልቅ ሥራውን በስም የሚዘረዝር ልዩ ውክልና ስጡ። አገር ቤት የዶላር ሒሳብ ከከፈታችሁና ውጭ ያለው ገንዘባችሁ በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ለአሜሪካ መንግሥት ኤፍባር (FBAR) የሚባለውን የውጭ አገር ባንክ ሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው።

ለአገር ልማት ተብሎ ገንዘብ ስትጠየቁ ልባችሁ እንደሚሸነፍ አውቃለሁ፤ የእኔም ይሸነፋል። ቢሆንም ወረቀቱን እዩ። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ በአሜሪካ ሲሸጥ ከ3,100 በላይ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገዝተው ነበር። ሽያጩ በአሜሪካ ሕግ ያልተመዘገበ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2016 ሻጩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል 6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። ግድቡ ተገንብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025) ተመርቋል፤ ዓላማው መልካም መሆኑ ግን አሻሻጡን ሕጋዊ አላደረገውም።

እኛ የአንድ አካባቢ ልጆች አሥራ ሁለት ሆነን ለተማርንበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ገዝተን ነበር። ክፍሉ መብራት እንደሌለው የሰማነው ዕቃው ከደረሰ በኋላ ነው። ዘንድሮ አስቀድመን የወላጆችና መምህራን ኅብረቱን ጠየቅን፤ የተሰበሩት ዴስኮች ይጠገኑልን አሉ። ከዚያው ከተማ አናጢ ተቀጠረ፤ የጣውላውና የምስማሩ ደረሰኝ በፎቶ መጣልን። የሁላችንም መዋጮ በአንድ ጊዜ ስለሄደ መላኪያው 5 ዶላር አልሞላም።