የከተማ ቆሻሻ ዕቅድና ሪፖርት፦ መታረም ያለባቸው ስህተቶች

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከተሞች የቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ እንዲያወጡ፣ አፈጻጸሙንም ሪፖርት እንዲያደርጉ አዝዞ ነበር። ሪፖርቱ በየከተማው ይጻፋል። ችግሩ ውስጡ ያለው ነው።

ቢያጆን (የመኪና ምልልስን) ቶን ማድረግ። ሾፌሩ «ዛሬ አራት ቢያጆ ሠራሁ» ይላል። ቢሮ ውስጥ አራቱ በአንድ ቁጥር ይባዙና ቶን ይሆናሉ። ግን 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ በነሐሴ ዝናብ በጠጣ የበቆሎ ልጣጭ ሲሞላና በጥር በካርቶንና በደረቅ ቅጠል ሲሞላ ክብደቱ አንድ አይደለም። የመኪና ሚዛን ከሌላችሁ በክረምትም በበጋም ጥቂት መኪኖች አስመዝኑ። እስከዚያው «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። ነውር የለውም።

የተነሳውን ብቻ መቁጠር። ወንዝ ዳር የተደፋውና ጓሮ የተቃጠለው የት ገባ? ቆራሌው ሰብስቦ የወሰደው ፕላስቲክና ብረትስ? እሱም የከተማው ቆሻሻ ነበር።

ሰኔን መጠበቅ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው የሚሞላ ቅጽ ያለፈው ዓመት ግልባጭ ነው የሚሆነው። በየወሩ መዝግቡ።

ነዋሪውን በፊርማ ብቻ ማሳተፍ። ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። የ1999ኙ አዋጅ የታችኛው የአስተዳደር እርከንና ነዋሪው በዕቅዱም በሥራውም እንዲሳተፉ ይል ነበር። «ውይይት ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር ግን ማንን አሳተፈ? አዲስ አበባ አቅራቢያ ሰንዳፋ ላይ ለከተማዋ የተሠራው አዲስ የቆሻሻ መድፊያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ቆመ። የአዲስ አበባ ቆሻሻም ወደ ድሮው መድፊያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። ስለዚህ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደተቃወመና ምን መልስ እንደተሰጠው ጻፉ። የተሰብሳቢው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ስለ መድፊያው ዝም ማለት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ሥር ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። እና ሪፖርቱ የክምሩን ከፍታ፣ የዳገቱን ሁኔታ፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይያዝ። ከግርጌው ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር የሚሞላበት መስመር ቅጹ ላይ ከሌለ፣ ለዚህ ሩብ ዓመት በእጃችሁም ቢሆን ጨምሩት።