«በጀቱ የት ገባ?» ከማለታችን በፊት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመሠረተ ልማት ክርክርን የሚያበላሹ ስህተቶች

የበጀት ውይይት ሲጠራ አዳራሹ ይሞላል። እጁን የሚያወጣው ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው፤ «የኛ ሰፈር መቼ ነው?» መልሱም ያው ነው፤ «በጀት ሲፈቅድ።» ተሰብሳቢው አጉረምርሞ ይወጣል፣ መድረኩም «ጠቃሚ ሐሳቦች ተነስተዋል» ተብሎ ይዘጋል። ክርክሩን እንዲህ ባዶ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ስህተቶች ናቸው።

1. የማን ኪስ እንደሆነ ሳይለዩ መናገር

«ባቡሩ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ለሆጤ ኮብልስቶን ቢውል ኖሮ…» የሚል ንግግር ጭብጨባ ያስገኛል፤ መልስ ግን አያስገኝም። በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ-ወልድያ ባቡር የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፤ ብድሩም ለዚያው ሥራ ተብሎ ከውጭ የመጣ ነው። ከብድሩ ወደ ሰፈር መንገድ ሊዞር የሚችል አንድም ብር አልነበረም። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ዋና መንገድም የፌዴራል ነው። ወረዳን ከወረዳ ከሚያገናኙት ብዙዎቹ የክልሉ ናቸው። ከፒያሳ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ የከተማ አስተዳደሩ ነው። መብራት ሌላ ተቋም ነው፤ ውሃና ፍሳሽ ደግሞ ከደንበኛ በሚሰበስበው ታሪፍ ላይ የቆመ አገልግሎት ነው።

ከተማ አስተዳደሩ ውስጥም ቢሆን ሁለት ኪስ አለ። ከክልል በድጎማ የሚመጣው በዋናነት ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት መንግሥታዊ አገልግሎቶች ነው፤ ከሱም ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል። ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ የሚባለው፣ ማለትም ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ፣ ለሰፈር መንገድ፣ ለጎርፍ መውረጃ፣ ለመንገድ መብራትና ለቆሻሻ ማንሳት የሚውል ነው። ስለዚህ ስለ ቦይ የሚጠይቅ ሰው «የከተማው በጀት ስንት ነው?» ቢል አይጠቅመውም። «የዘንድሮው የማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ዕቅድ ስንት ነው? እስካሁን ስንት ተሰበሰበ? ከሱ ለካፒታል፣ ማለትም ለአዲስ ግንባታ፣ የተያዘውስ?» ቢል ይሻለዋል። ጥያቄው እንዲህ ሲጠብ ኃላፊው ቁጥር ይዞ መምጣት ግድ ይሆንበታል።

2. ሪባን እስኪቆረጥ ያለውን ወጪ ብቻ መቁጠር

ደሴ በጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ደለልና ፌስታል እየገፋ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ከነሐሴ በፊት ካልተጠረገ ውሃው ወደ መንገዱ ይወጣል። የኮብልስቶን ንጣፍ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ጎርፉ መጀመሪያ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አሸዋ ይጠርጋል፤ አሸዋው ሲሄድ ድንጋዩ ይላላል፤ አንዱ ሲነቀል ጎኑ ያሉት ይከተሉታል። ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ከታች የሚደግፈው የጠርዝ ድንጋይ ሲነቃነቅ ከላይ ያለው ንጣፍ በሙሉ ወደ ታች መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ «ኮብልስቶን አይበረክትም» ይባላል። ድንጋዩ ግን ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ቦዩን የሚጠርግ ሰውና የጠርዝ ድንጋዩን መልሶ የሚያስር ጥቂት ሲሚንቶ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ካሬ ሜትር ንጣፍ 1,500 ብር ያወጣል እንበል። 7 ሜትር ስፋት ያለው 10 ኪሎ ሜትር መንገድ 70,000 ካሬ ሜትር ነው፤ 105 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ከዚህ በየዓመቱ 3 በመቶ ለጥገና ቢያዝ 3 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ነው። ይህ ገንዘብ በመደበኛ በጀት ውስጥ በግልጽ መስመር ከሌለው 11ኛውን ኪሎ ሜትር መጠየቅ የነበሩትን አሥሩን እንደ መተው ይቆጠራል። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ፎቶ አለው፤ ቦይ ሲጠረግ ፎቶ የለውም፤ ስለዚህ ጥገናን የሚጠይቅለት ነዋሪው ካልሆነ ማንም የለም። በአገር ደረጃ ይህ ችግር ታይቶ ነው በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው፤ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ለመንገድ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው እንዲቀመጥ።

3. የውጭ ብድርን በተፈረመበት ቀን ምንዛሪ ማስላት

ኮምቦልቻን አቋርጦ የሚሄደው የአዋሽ-ወልድያ/ሐራ ገበያ የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሉ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቱርክ ኤግዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከአውሮፓ አበዳሪዎች የተገኘ ነው። በዚህ ፕሮጀክት ላይ የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ «ይጠቅማል አይጠቅምም» ላይ ይቆማል። ከሱ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ግን አሉ።

የመጀመሪያው ምንዛሪው ነው። 1.7 ቢሊዮን ዶላር በ57 ብር ሲመታ 97 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው፤ በ120 ብር ሲመታ 204 ቢሊዮን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሐዲዱ አንድ ሜትር ሳይረዝም ያልተከፈለው ዕዳ በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ባቡሩ ቢሠራ የሚያስገባው ገቢ ግን አብዛኛው ብር ነው። በውጭ ብድር የሚሠራ ነገር ላይ ስንከራከር ከወለዱ ይልቅ ይህ ክፍተት ነው ሊያስጨንቀን የሚገባው።

ሁለተኛው «አለቀ» የሚለው ቃል ነው። የባቡር መስመር ሐዲድ ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሲግናል፣ ተሽከርካሪ፣ ጣቢያና የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል። የአዋሽ-ኮምቦልቻው ክፍል ግንባታው ሊጠናቀቅ ተቃርቦ ሳለ ኃይል ባለመድረሱ ቆመ፤ የገንዘብ እጥረቱ ተጨመረበት፤ የ2014ቱ ጦርነትም ጉዳት አደረሰ። ስለዚህ ማንኛውም ፕሮጀክት «95 በመቶ ደርሷል» ሲባል «የቀረው 5 በመቶ ምንድን ነው? በጀቱስ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያለዚያች 5 በመቶ ቀሪው 95 ገቢ አያስገባም፤ ወለዱ ግን ይቆጥራል።

ሦስተኛው የመክፈያ ጊዜው ነው። የእፎይታ ጊዜው፣ ማለትም ዋናው ዕዳ መከፈል የማይጀምርበት ጊዜ፣ ሥራው ገቢ ሳያስገኝ ካለቀ ዕዳው የሚከፈለው ከሌላ ኪስ ነው። ሌላው ኪስም ሊጎድል ይችላል፤ ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል መቅረቷ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ብድር የሚባል ነገር አያስፈልግም» የሚል ይኖራል፤ እሱም ስህተት ነው። አርባ ዓመት የሚያገለግል ድልድይ የዛሬው ግብር ከፋይ ብቻ ይክፈለው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ብድር የሚጎዳው ዕድሜው አጭር ለሆነ ነገር ወይም ለደመወዝ ሲወሰድ ነው። ደግሞም ከተማችን ተነስታ ከውጭ መበደር አትችልም። ክልሎች እንኳ ከአገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታ የሚወስነው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(7) መሠረት የፌዴራል መንግሥት ነው።

4. ሊዝን እንደ ወር ደመወዝ ማየት

መሬት አንዴ ነው የሚሸጠው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨናንቃ ያለች ከተማ ስለሆነች ለጨረታ የሚወጣ ሜዳ እንደ ኮምቦልቻ የላትም። አንድ ዓመት ጥሩ ሊዝ ተሰብስቦ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ በዚያው ቁጥር ላይ ሲሠራ ጉድለቱ ጥር ላይ ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ የሚታጠፈውም የሰፈር መንገድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ ቅድሚያ ክፍያ ከጠቅላላው 10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው በዓመታት ተከፋፍሎ ይገባል። ስለዚህ «በዚህ ዓመት የዚህን ያህል ሊዝ ተሸጠ» ሲባል በእጅ የገባው ስንት እንደሆነ ተለይቶ ይጠየቅ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ የታሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላትም ጭምር ነው። የቤቱ ዋጋ ከፍ ያለው መንገድ ስለደረሰው ከሆነ ከጭማሪው ጥቂቱ በየዓመቱ ወደ መንገዱ ቢመለስ መቃወም ይከብዳል። መከራከር ያለብን የቤቱ ግምት እንዴት እንደሚወጣና ቅሬታ የት እንደሚሰማ ነው።

የዓለም ባንክ ድጋፍም እንዲሁ ቋሚ ገቢ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ የነበሩበት የ117 ከተሞች ፕሮግራም ገንዘብ የሚሰጠው በየዓመቱ አፈጻጸም ተመዝኖ ነበር፤ ከተማውም የራሱን ድርሻ ማዋጣት ነበረበት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የተሠራውን የሚጠግነው ከተማው ነው።

5. የሰፈር መዋጮን በበር ቁጥር ማካፈል

ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይመርጠዋል፤ ግን ዕድሩን ሳይቀር የሚያጣላው ይኼው ነው። 200 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 1,200 ካሬ ሜትር ነው፤ በ1,500 ብር ስሌት 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር። ነዋሪው 30 በመቶ ይሸፍን ከተባለ 540,000 ብር ነው፤ ለ40 ቤት እኩል ሲካፈል 13,500 ብር። በጡረታ የሚኖሩት እትዬ እገሌና ሦስት ፎቅ አቁሞ የሚያከራየው ሰው እኩል ከፈሉ ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ባለው የአጥር ርዝመት ቢከፈል ይሻላል፤ ንግድ ቤት ደግሞ ከፍ ያለ ተመን ይያዝለት። ተከራይ አይክፈል፤ ንብረቱ የባለቤቱ ነውና። አቅም የሌለው ቤት ስሙ በአዳራሽ ሳይጠራ በሰፈሩ ሽማግሌዎች በኩል ነጻ ይደረግ።

ከአከፋፈሉ የባሰው ግን ዲዛይን ሳይሠራ ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ገንዘቡ ባንክ ይቀመጣል፣ የአሸዋና የድንጋይ ዋጋ ይንራል፣ በመጨረሻ «ጨምሩ» ይባላል፤ ያኔ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ቅደም ተከተሉ ልኬት፣ ዲዛይን፣ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ፣ ከከተማው ጋር በጽሑፍ ስምምነት፣ ከዚያ መዋጮ ነው። በዲዛይኑ ውስጥ የውሃና የፍሳሽ ቱቦ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ንጣፉ ካለቀ በኋላ ለቱቦ መቆፈር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሒሳቡ ቢያንስ በሁለት ፈራሚ ይንቀሳቀስ፤ ደረሰኝ ያልተቆረጠበት ብር አይግባ።

6. ኪሎ ሜትርን ከኪሎ ሜትር ማወዳደር

«እዚያ ከተማ በግማሽ ዋጋ ሠሩት።» ምናልባት። ግን እዚያ ሜዳ ነው? ደሴ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ የድጋፍ ግንብ፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) እና ሰፊ ቦይ ሲጨመር የወጪው መልክ ይለወጣል። የካሳ ክፍያ፣ የመብራት ምሰሶና የውሃ መስመር ማዛወሪያ በውሉ ውስጥ አሉ ወይስ ለብቻ ተከፍለዋል? የሥራ ዝርዝሩ ጎን ለጎን ካልተቀመጠ ማወዳደሩ ከንቱ ነው። ከተቀመጠ በኋላም የአፈር ቁፋሮውና የኮንክሪቱ ዋጋ በካሬ ወይም በኪዩብ ሲታይ ልዩነት ካለ፣ ያኔ በእርግጥ የሚያስጠይቅ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

7. ሁለቱን መቶኛ ማምታታት

በግማሽ ዓመት ሪፖርት ላይ «ፋይናንሺያል 35 በመቶ፣ ፊዚካል 8 በመቶ»፣ ማለትም ከገንዘቡ 35 በመቶ ተከፍሎ ከሥራው 8 በመቶ ተሠርቷል፣ ሲባል አዳራሹ ይጮኻል፤ «ተበላ!» ሁልጊዜ አይደለም። ተቋራጭ ዋስትና አስይዞ እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ሊወስድ ይችላል፤ ቁጥሩ ፋይናንሺያሉን ከፍ ያደርገዋል። ቅድሚያ ክፍያው ለተሠራ ሥራ ከሚጸድቀው ከየክፍያ ሰርተፍኬቱ እየተቀነሰ ስለሚመለስ ክፍተቱ በየሩብ ዓመቱ መጥበብ አለበት። ካልጠበበ የሚጠየቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ የቅድሚያ ክፍያው ዋስትና ጊዜው አላለፈም? ስንቱ ተመለሰ? ተቋራጩ ማሽን ሳይት ላይ አለው? ዋስትናው ሳይታደስ ካለፈ ገንዘቡን መመለሻው ፍርድ ቤት ብቻ ይሆናል። «ተበላ» የሚለው ጩኸት ኃላፊውን አያስጨንቀውም፤ ስለ ዋስትና ቀን መጠየቅ ግን ያስደነግጠዋል።

8. የሥራ ዕድልን በግንባታው መለካት

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶቹ ተሠርተው ማለቃቸው ሥራ መፈጠሩን አላረጋገጠም። ሥራው የተንጠለጠለው በገበያ፣ በመብራትና በሰላም ላይ ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገቡበት ዕድል) ተጠቃሚነት ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታስወጣ ወደዚያ የሚልኩ ፋብሪካዎች ተመቱ። ግንባታ የሚፈጥረውን ጊዜያዊ ሥራና ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ለያይቶ መቁጠር ያስፈልጋል።

9. ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መናገር

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ በነሐሴ የሚቀርብ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። የሰፈርዎን ጥያቄ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ለቀበሌው በጽሑፍ ያስገቡ፤ የመንገዱን ርዝመትና ስፋት፣ የቤቱን ብዛት፣ ነዋሪው የሚሸፍነውን ድርሻ ጨምሩበት። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ በእጅዎ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይረፍበት። ሥራው ከጸደቀ ደግሞ ጨረታው እስከ ኅዳር መውጣቱን ይከታተሉ። ውሉ መጋቢት ላይ ከተፈረመ ቁፋሮው ክረምት ላይ ይወድቃል፤ የተከፈተው ጉድጓድ ውሃ ይይዛል፤ ያልተከፈለው በጀትም ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ይሆናል።